በአፋፍ ትምህርት ቤት የጉም ጥሪ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ አስተማሪ አባት ያሳደገኝ፣ ራሴም ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ጎረቤቴ «ቡዳ በላኝ» ብላ ስትተኛ ሐኪም ቤት ሂጂ ብዬ የምቆጣ፣ ሰው ጅብ ሲጮህ ሲያማትብ የምስቅ፣ እንደኔ ያለች ደረቅ በአገሩ አልነበረችም። እናቴ ነፍሷን ይማርና «አንቺ እኮ ሰይጣን ራሱ ቢመጣ መታወቂያህን አሳየኝ ትይዋለሽ» ትለኝ ነበር።

ይህን ነገር የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሰሞን የተደወለልኝ ስልክ ነው። በመኪናው መንገድ ዳር ያለው አዲሱ ትምህርት ቤት በዓል ሊያከብር ነው መሰለኝ፣ አንድ ትሑት ወጣት መምህር «እርስዎ በድሮው ትምህርት ቤት አስተምረዋል ብለውኝ ነው፣ እስኪ ታሪኩን ይንገሩን» አለኝ። ነገርኩት፣ ማን እንደሠራው፣ ጣራው መቼ እንደተቀየረ፣ የቀረውን ሁሉ ዘረዘርኩለት፣ እሱም «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» እያለ ይጽፋል። ያንን የበልግ ቀን ግን ዘለልኩት፣ ከበሮ እየተመታ የሚነበብ ነገር አይደለማ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ስለዚህ ለእናንተ ልናገረው፣ ማመኑንም መተዉንም ለእናንተው ትቼዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ አፋፍ ይባላል፣ መንዝ ውስጥ ነው፣ ከቀየት ከተማ ተነሥቶ ግማሽ ቀን ያህል በእግር ያስኬዳል። በንጉሡ ጊዜ ትምህርት ቤት ይሠራ ሲባል የማርያም ሰዎች «በእኛ ደብር ይሁን» አሉ፣ የጊዮርጊስ ሰዎች ደግሞ «እኛ ሞተናል እንዴ» አሉ። የመንዝ ሰው መቼም ክርክር ያውቃል፣ ለአንድ ክንድ ርስት አያት ጀምሮት የልጅ ልጅ የሚጨርሰው ሙግት የትም አለ። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ከሁለቱ ቤተ ክርስቲያን በገመድ ተለክቶ እኩል መካከሉ ላይ ይሠራ ተባለ። እኩል መካከሉ ደግሞ የት መሰላችሁ፣ ሰው የማይኖርበት፣ ውኃ የሌለበት፣ ከሥሩ ገደል አፉን የከፈተበት፣ ነፋስ የሚያፏጭበት ጠባብ ሜዳ። ለማንም እንዳያደላ ተብሎ ከሁሉም የራቀው ቦታ ተመረጠ፣ ሁለቱም ወገን ተመራርቆ ተለያየ፣ በዚያ መንገድ የሚመላለሱትን ልጆች የጠየቀ ግን አልነበረም።

ግድግዳውን አገሬው ድንጋይ ተሸክሞ አቆመው፣ ጣራውን በጓሳ ሣር ከደነው። በደርግ ጊዜ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ሽማግሌና ባልቴት ማታ ማታ ፊደል ቆጠሩበት፣ በዚያ ክፉ የረሃብ ዘመን ደግሞ የእርዳታ እህል ተከማቸበት፣ እህሉ እስኪታደል ሲጠብቅ እደጁ ላይ ያሸለበም ብዙ ነው ይላሉ። መንግሥት ሲለወጥ ወታደር አደረበት፣ ብርድ ነውና ዴስኩም ሰሌዳውም ተማገደ። እኔ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመድቤ ስደርስ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ነበር የሚማሩት፣ እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት ማታ ማታ ሳለቅስ ሰነበትኩ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

እዚያ አገር የሚከፋው ብርዱ አይደለም፣ ጉሙ ነው። በበልግ ከሰዓት በኋላ ከቆላው ይነሣና በገደሉ ሽቅብ ይወጣል፣ አንዴ ከወጣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን አታዩትም። መንገዱ ደግሞ የገደሉን ጫፍ ታክኮ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ አንድ ሥርዓት ነበራቸው፣ የጉም ጥሪ ይሉታል። ጉም ሲመጣ ልጆቹ በየሰፈራቸው ተቧድነው፣ ትልቁ የትንሹን እጅ ይዞ ይለቀቃሉ፣ አስተማሪው ግን አይሄድም። ልጅ ቤቱ ይደርሳል የሚባለውን ያህል ከጠበቀ በኋላ፣ በደወል ፈንታ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በድንጋይ ይመታና ቤት ለቤት ይጣራል። «የወልዴ ቤት!» ይላል፣ ከወዲያ ጉብታ ላይ ወልዴ ወይም ሚስቱ ወጥተው «ገብቷል!» ብለው ይመልሳሉ። ልጁ ካልደረሰ መልሱ «ገና ነው!» ነው፣ ያን ጊዜ ቸርኬው ሳይቋረጥ ይደበደባል፣ ልጁ ድምፁን ተከትሎ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲመለስ፣ የየሰፈሩም ወንድ ዱላውን ይዞ ፍለጋ ይወጣል። ሁሉም ቤት «ገብቷል» ካለ ቸርኬው ዝም ይላል። ቸርኬው ዝም አለ ማለት የሰው ልጅ ሁሉ ገባ ማለት ነው፣ አገሩ በሩን ዘግቶ እሳቱን ይሞቃል።

መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር፣ በኋላ ግን እመኑኝ ወደድኩት፣ ምንም ሳይታይ በነጭ ጉም ውስጥ ቆማችሁ ከዚህም ከዚያም «ገብቷል!»፣ «ገብታለች!» ሲባል ስትሰሙ ሆዳችሁ ይሞቃል። ርእሰ መምህራችን ጋሽ ታደለ የዚያው አገር ሰው ናቸው፣ ራሳቸውም በልጅነታቸው እዚያው የተማሩ፣ እና ጥሪውን ሲያስለምዱኝ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ።

«ስም አንዴ ነው የሚጠራ። ከመለሱ መለሱ፣ ካልመለሱ ቸርኬውን መምታት ነው እንጂ ደግመሽ እንዳትጠሪ» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔም እንዲሁ ተባልኩ» አሉኝ።

አሁን እትዬ ትርንጎን ላስተዋውቃችሁ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው የበግ ጠጉር እየፈተሉ የሚኖሩ ሴት ናቸው፣ የወለዱት ሁሉ አልበረከተላቸውም፣ በስተርጅና ያገኟት አስካለ ብቻ ቀረችላቸው። ቤታቸው ከሰፈሩ ተነጥሎ መጨረሻ ላይ ነው፣ የሰፈሩ ልጆች አንድ በአንድ እየገቡ ሲያልቁ አስካለ የመጨረሻዋን ትንሽ መንገድ በገደሉ ጫፍ ብቻዋን ነበር የምትሄደው። አስካለ አራተኛ ክፍል ነበረች፣ ቀጭን፣ ወሬኛ፣ ጥያቄ የማያልቅባት። አንድ ቀን ጉም ማለት መሬት ላይ የወረደ ደመና ነው ብዬ ሳስተምር «እንግዲያ እኛ ደመና ውስጥ ነዋ የምንማረው» አለችና ክፍሉን በሙሉ አሳቀችብኝ። እናቷ በየገበያው ቀን ሲያገኙኝ «ሌላ ምንም አልልሽ ልጄ፣ እሷን ብቻ አስተምሪልኝ፣ እኔ በእሷ ነው ያለሁት» ይሉኝ ነበር።

የዚያ ዓመት በልግ ሲገባ በመጀመሪያው ጉም «የትርንጎ ቤት!» ብዬ ተጣራሁ። እትዬ ትርንጎ እንደ ልማዳቸው መጨረሻውን ጎተት አድርገው «ገብታለች!» አሉ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከዚያው ከጉብታቸው፣ ሌላ «ገብታለች» ሰማሁ። ለጋሽ ታደለ ስነግራቸው «ገደሉ ነው የሚያስተጋባው» አሉኝ፣ እኔም ገደል ማሚቶ ብዬ ለልጆች የማስተምረው ነገር ነውና አልደነቀኝም። በሚቀጥለው ጉም ግን ዝቅ ያለው ድምፅ ቀደመ፣ የእትዬ ትርንጎ ጮክ ያለው መልስ ተከተለ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አልኩ፣ የገደል ማሚቶ እንዴት ሰውየውን ይቀድማል? ከዚያ ደግሞ ራሴን «አንቺ ደረቅ፣ ጆሮሽን ብርድ መትቶት ነው» አልኩና ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ።

ያ ቀን መጋቢት ውስጥ ነው። ጋሽ ታደለ ለስብሰባ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ወርደዋል፣ ያኔ መቼም ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት አልነበረም፣ ሌላው መምህር ደግሞ የማርያም ልጆች ትንንሾች ስለበዙ እነሱን ሊያደርስ አብሮ ሄደ። ጉሙ ያለ ሰዓቱ፣ ገና ከሰዓት በኋላ ሳይጀመር ነው የመጣው። ወፍ እንኳ ትንፍሽ አላለም። የጊዮርጊስን ልጆች አቧድኜ ስለቅ አስካለ ከሰልፉ ዞር ብላ «መምህርት፣ ነገ ፈተናው አለ?» አለችኝ። «አለ፣ አጥኝ» አልኳት። «እሺ» አለችና ጉሙ ዋጣት፣ ከእሷ በመጨረሻ የሰማሁት ያን ነው።

ብቻዬን ቸርኬው ሥር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ከጣራው ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ እየሰማሁ ነበር። ቆይቶ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጀርባ እግር ሰማሁ፣ ጠጠር ሲረገጥ አይደል የሚንቋቋ፣ እንደዚያ፣ ቀስ ብሎ በግድግዳው ዙሪያ የሚሄድ። «ማነው?» አልኩ፣ ቆመ። ዝም ስል ቀጠለ። በግ ነው ብዬ አሰብኩ፣ እንደዚያ ጊዜ በግ ቢሆን ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ የለም። ዙሪያውን ጨርሶ በፊቴ ማለፍ ነበረበት፣ ነገር ግን ምንም አላለፈም፣ ድምፁ ከእኔ ፊት ትንሽ ራቅ ብሎ ወደ ጊዮርጊስ ሰፈር በሚወስደው መንገድ፣ ልጆቹ በሄዱበት፣ እየራቀ ጠፋ።

ሰዓቱ ሲደርስ ቸርኬውን መታሁ። ጉም ድምፅ ይበላል፣ የዚያን ቀን ግን ቸርኬው እርጥብ እንጨት የመታሁ ያህል ነው የጮኸው። ቤቶቹን ጠራሁ፣ ሁሉም በየተራው «ገብቷል»፣ «ገብታለች» አለ። መጨረሻ ላይ «የትርንጎ...» ብዬ «ቤት» የሚለው ሳይወጣልኝ ከጉብታው ላይ «ገብታለች!» ተባለ። የእትዬ ትርንጎ ድምፅ ነው፣ መጨረሻው ጎተት ያለ፣ ጥርት ያለ። ያቺ ዝቅ ያለችው ሁለተኛዋ ድምፅ አልነበረችም፣ አንድ ብቻ ነው። እኔም እፎይ ብዬ ድንጋዩን አስቀመጥኩና እዚያው ግቢ ወዳለችው መኝታ ክፍሌ ገባሁ፣ ቸርኬው ዝም አለ፣ አገሩም በሩን ዘጋ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው በሬ የተንኳኳው። ስከፍት እትዬ ትርንጎ ናቸው፣ ነጠላቸው ረጥቦ ገላቸው ላይ ተጣብቋል፣ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም።

«ልጄን ምነው አስቀረሻት?» አሉኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ እየለመኑ ነው። «ፈተና ብለሽ ነው? ትውጣልኝ በይ፣ መሽቷል።»

«እትዬ፣ አስካለ እኮ ገብታለች» አልኳቸው። «ገብታለች ብለው መልሰውልኝ የለ?»

«እኔ አልመለስኩልሽም» አሉ።

ቁጭ አድርጌ ቀስ በቀስ ያወጣሁት ይህን ነው፣ እሳቸው ጉሙ ያለ ሰዓቱ ሲመጣ ልባቸው ፈርቶ በሩን አሥረው ልጃቸውን ሊቀበሉ በገደሉ ጫፍ ወጥተው ነበር። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ቸርኬው ሲመታ ሰሙ፣ የሰው ቤት ሲጠራ ሰሙ፣ የእሳቸው ቤት ሲደርስ ደግሞ ከኋላቸው፣ ከገዛ ጉብታቸው ላይ «ገብታለች!» ሲባል ሰሙ። «ከእኔ ጋር ተላልፋ በሰፈሩ በኩል ገብታ ነው፣ ጎረቤቴ የሽፈራው ሚስት አግኝታት መለሰችልኝ አልኩ፣ እግዜር ይስጣት ብዬ መረቅኋት» አሉኝ። ቸርኬውም ዝም አለ። ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ቤታቸው ሲደርሱ በሩ እንዳሠሩት ነው፣ ውስጡ ማንም የለም። ያንኑ የገደል ጫፍ መንገድ ተመላልሰው ቢያጧት ነው ወደ እኔ የመጡት።

ገባችሁ? ልትመጣ በምትችልበት መንገድ ላይ ነበሩ እኮ። ጥቂት ቢቀጥሉ ያገኟት ነበር። ያ ድምፅ ነው የመለሳቸው፣ እኔንም ዝም ያሰኘኝ እሱ ነው።

ያን ምሽት ቸርኬውን እጄ እስኪላጥ ደበደብኩት። የማርያምም የጊዮርጊስም ሰው ችቦ ይዞ ወጣ፣ ያ ሁሉ ዘመን የተናቆረ ሕዝብ በአንድ ገመድ ገደል ወረደ። የእትዬ ትርንጎ የቅርብ ጎረቤት አያ ሽፈራው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ መልሱ ሲሰጥ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። «ትርንጎ ናት የመለሰችው፣ በዚህ ጆሮዬ» ብለው ማሉ። ሚስታቸውም ማለች፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ማለ። እትዬ ትርንጎ ይህን ሲሰሙ «እኔ አላወቅሁትም፣ የራሱን ድምፅ ማን ያውቃል» አሉ። በኋላ ከወረዳ የመጣው ፖሊስ «ድምፁን የሰማ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ አገሩ ሁሉ እጁን አወጣ፣ ሰውየው ምን ይያዝ ምን ይልቀቅ፣ ግራ ገብቶት ተመለሰ።

አስካለ አልተገኘችም። ገደሉ እስከ ወንዙ ተፈተሸ፣ ቆላ ድረስ ሰው ተላከ፣ ገዳማቱ ተጠየቁ። ነጠላዋ የለ፣ ጫማዋ የለ፣ ጥንብ አንሣ እንኳ አንዣቦ አልታየም። እኔ የሳይንስ መምህሯ ምክንያት ስፈልግ ከረምኩ፣ ጎረቤት ቀልዶ ነው አልኩ፣ እብድ መንገደኛ ነው አልኩ፣ አንዱም አልቆም አለኝ። አያ ሽፈራውን «ይህ ቦታ ድሮም ሰው ያልሰፈረበት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ውኃ የለውማ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ወደ መሬት እያዩ «አባቶቻችን መካከሉን ሲለኩ የገመዱን ጫፍ የያዘው አባቴ ነበር፣ እዚህ ሲደርስ አንድ ክንድ ወዲያ ይሁን ብሎ ለምኖ ነበር አሉ፣ ለጊዮርጊስ ታደላለህ ብለው እምቢ አሉት» አሉ። ለምን እንደለመነ አያውቁም፣ ወይም አልነገሩኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን እትዬ ትርንጎ ነበሩ። ለቅሶ አይጠራም አሉ። ካህኑ መጡ፣ ሽማግሌ መጣ፣ ፍትሐት ይደረግላት፣ ነፍሷ ትረፍ ብሎ ለመናቸው። «ገብታለች ተብሎ የለም? አገር ሰምቶ የለም? ለገባች ልጅ ምን ተብሎ ይለቀሳል?» ነው መልሳቸው። ማዕድ ሲያቀርቡ የእሷን ድርሻ ያስቀምጣሉ፣ በራቸውን አይዘጉም፣ ጅብ በሚገባበት አገር። ጉም በወጣ ቁጥር ደግሞ ትምህርት ቤቱ ይመጡና ቸርኬው ሥር ይቀመጣሉ፣ እኔ የሌሎቹን ቤት ስጠራ እያንዳንዱን መልስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሲያልቅ «የእኔንም ጥሪልኝ» ይሉኛል።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ እዚህ ነዎት፣ ቤት ማንም የለ» እላቸዋለሁ።

«ያን ቀንስ ማን ነበረ?» ይሉኛል።

ጋሽ ታደለ በጭራሽ አትጠሪም ብለው ገዘቱኝ። ልጆቹም ማለቅ ጀመሩ፣ አንዱ ወላጅ ለበግ ይፈለጋል ይላል፣ ሌላው ዘመድ ጋ ልልከው ነው ይላል፣ እውነቱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ በድንጋይ ሸክም የቆመ፣ ረሃቡንም ወታደሩንም ያለፈ ትምህርት ቤት በአንዲት ቃል ፈረሰ፣ እኔም ስፈርስ ነበር። ልጆች ሳይ እያለቀስኩ፣ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እየጠፋኝ ወደ ሰኔ ደረስን።

የመዝጊያው ሰሞን ዝውውሬ ተፈቀደልኝ። እቃዬን ሸክፌ በማግሥቱ ልወጣ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጉም መጣ። የቀሩትን ጥቂት ልጆች ለቀቅኩ፣ ጠራሁ፣ ሁሉም ገቡ። እትዬ ትርንጎ ቸርኬው ሥር ተቀምጠዋል፣ ከስተው ከስተው ነጠላ የለበሰ እንጨት መስለዋል። ተነሡና እግሬ ላይ ወደቁ፣ እኔን በሚያህል ልጅ እግር ላይ።

«ነገ ትሄጃለሽ፣ ከአንቺ በኋላ የሚጠራልኝ የለም» አሉ። «አንዴ ብቻ። ገብታለች ካለችኝ እኔ ቤቴ ገብቼ እጠብቃታለሁ፣ ዳግመኛ አላስቸግርሽም። ከእሷ ጋር እንዳለች ልወቅና ይበቃኛል።»

«ከማን ጋር?» አልኳቸው።

«እኔን ከምትመስለው ጋር» አሉ።

አነሣኋቸው። ድንጋዩን ያዝኩ፣ ቸርኬውን መታሁና «የትርንጎ ቤት!» ብዬ ጮኽኩ። ምንም የለም። ከጣራው ውኃ ጠብ ይላል። የጋሽ ታደለን «ደግመሽ እንዳትጠሪ» ተውኩት፣ ደግሜ ጠራሁ፣ በስሟ ጠራሁ፣ «የትርንጎ ቤት! አስካለ!» አልኩ።

ከጉብታው ላይ መልስ መጣ። የእትዬ ትርንጎ ድምፅ ነው፣ መጨረሻው ጎተት ያለ፣ ግን ሰልሏል፣ ብዙ ቀን ስትጣራ የከረመች ሴት ድምፅ ነው።

«ገና ነው!» አለ። «ገና ነው፣ እየጠበቅኋት ነው!»

ዞር ብዬ እትዬ ትርንጎን አየሁ። አጠገቤ ናቸው፣ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰዋል፣ አፋቸው አልተከፈተም። ነጠላውን ከአፋቸው አወጡት።

«ያን ቀን ገብታለች ያለችው እሷም አላገኘቻትማ» አሉ።

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ደረታቸውን መቱ። በማግሥቱ ጠዋት ለቅሶው ተጠራ፣ ፍትሐቱ ተፈታ፣ እኔም ጉዞዬን ትቼ አብሬ ስቀመጥ ሰነበትኩ፣ እሳቸውም ከዚያ በኋላ አልቆዩም፣ ክረምቱ ሳይወጣ ጊዮርጊስ ተቀበሩ። እኛ ለቅሷችንን ጨረስን። ጉብታው ላይ የምትጠብቃትን ያቺኛዋን ግን ልጅቷ እንደሞተች የነገራት የለም፣ ባለፈው ሰሞን የደወለልኝን ወጣት ስጠይቀው ደግሞ የጊዮርጊስ ልጆች ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ዛሬም በዚያው በገደሉ ጫፍ ነው አለኝ።